የሙሽራው ምንቃር

ሚጡ የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ የዓሣ መንጋጭላ መደርደር የጀመረች ዕለት፣ ይህች ልጅ አንድ ቀን ጉድ ታደርገኛለች ብዬ ነበር። እኔ አያቷ ነኝ፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደግኳትም እኔው ነኝ። ፍርሃት ደግሞ ሥራዬ ነው። ደረጃ ስትወርድ እፈራለሁ፣ ስታስነጥስ እፈራለሁ፣ ስልኳን ካላነሳች በመንገድ የሚያልፈው አምቡላንስ ሁሉ እሷን የጫነ ይመስለኛል። ከሥራ ሁሉ መርጣ የያዘችው ታዲያ ቀኑን ሙሉ እጇን ውኃ ውስጥ የምትከትበትን ሥራ ነው።

የምትሠራው የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ ለሕዝብ በሚታይበት ቤት ነው። እነሱ አኳሪየም ይሉታል፣ እኔ የዓሣ ቤት እለዋለሁ። ፊት ለፊቱ ምንጣፍና ሰማያዊ መብራት ያለው አዳራሽ ነው። ጀርባው ግን ሌላ ዓለም ነው። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ጣሪያው ላይ ቧንቧ እንደ አንጀት ይጠማዘዛል፣ ሞተሩ ሲያጉረመርም ይውላል። የአንዱ ገንዳ በሽታ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ባልዲዎቹ በቀለም ተለይተዋል። ፍሪጁ ላይ «የሰው ምግብ አይቀመጥበትም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ የተለጠፈው በእኔ ምክንያት ነው። የሚጡን ምሳ ከዓሣዎቹ ምሳ ጎን አስቀምጬ፣ አንዱ ሠራተኛ ለዓሣ የተዘጋጀ መስሎት ግማሹን በትኖላቸው ነበር። ዓሣዎቹም አልጠሉትም።

ወደ መንጋጭላው ልመለስ። ዓሣ ሲሞት ሚጡ ጭንቅላቱን ታጸዳና አጥንቱን አንጥታ በእንቁላል ካርቶን ውስጥ፣ በእያንዳንዱ ጎድጓዳ ላይ ጥጥ አንጥፋ ታስቀምጠዋለች። መጀመሪያ ላይ ካርቶኑን አንሺልኝ እያልኩ ስጮህ ነበር። ኋላ ግን ጨዋታ አስለመደችኝ። አንዱን መንጋጭላ መዳፌ ላይ ታስቀምጥና «እምዬ፣ ይህ አፍ ምን ይበላል?» ትለኛለች።

አንዱ አፉ እንደ ወረንጦ ቀጥኖ የሾለ ነው። «ከጠባብ ስንጥቅ ውስጥ ትንንሽ ነገር ይለቅማል» አልኳትና አገኘሁት። አንዱ እንደ ጉጠት አጭርና ወፍራም ነው፤ ቅርፊት ያለውን ሰባብሮ የሚበላ ነው። ሌላው ደግሞ አጥንቶቹ እንደ መሳቢያ ተገፍተው ይወጣሉ። ራሱ ሳይነቃነቅ አፉ ብቻ ተወርውሮ ሽሪምፕ የሚሉትን ቅርፊታም ትንሽ የባሕር እንስሳ ይዞ ይመለሳል ስትለኝ፣ «በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ስስታም አለ?» አልኩ። ያ እባብ የሚመስለው ግን ይቅርብኝ። በፊተኛው መንጋጭላ ይነክሳል፤ ከዚያ ሁለተኛ መንጋጭላ ከጉሮሮው ወጥቶ የተያዘውን ወደ ውስጥ ይጎትታል። ይህን የነገረችኝ ዕለት በገዛ ጉሮሮዬ ውኃ መዋጥ ፈራሁ። እየፈራሁም ቢሆን፣ የሚቀጥለው ቀን ሲመጣ ካርቶኑን ራሴ አወረድኩት።

ከሁሉ የወደድኩት የበቀቀን ዓሣን ነው። ጥርሶቹ አንድ ላይ ተጋጥመው ምንቃር ሆነዋል፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። በባሕር ውስጥ የኮራል ድንጋይ እየፋቀ በላዩ የበቀለውን፣ አልጌ የሚሉትን አረንጓዴ የውኃ ሣር ይበላል። ፍቆ ያነሣውን ድንጋይ በጉሮሮው ያሉት ሌሎች ጥርሶች እንደ ወፍጮ ይፈጩታል። ታዲያ የተፈጨው ድንጋይ የት ይሄዳል ብዬ ጠየቅኳት።

«ይወጣላ። በሞቃት ባሕር ዳር የምታዪው ነጭ አሸዋ ብዙው የነሱ ነው።»

በዚያ አሸዋ ላይ በወጣትነቴ ጫማዬን አውልቄ የሄድኩትን አስቤ እግሬን አየሁት።

የዚህ ታሪክ ባለቤትም በቀቀን ዓሣ ነው። አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ የከንፈሩ ሮዝ፣ ተኳኩሎ የወጣ ነበርና ሠራተኞቹ «ሙሽራው» አሉት። ሲመጣ ግን ሙሽራነቱ አይታይም ነበር። ክንፉ ተቆራርጦ፣ ቆዳው ተልጦ፣ በጎኑ ተጋድሞ ነበር የመጣው። ኃላፊዋ ለሚጡ ሰጠቻት። ኃላፊዋን ሁሉም «ካፒቴን» ነው የሚላት፤ ድሮ መርከብ ላይ ሠርታለች፣ አሁንም የምትናገረው ማዕበል ላይ እንዳለ ሰው ነው። ያልዳነ ዓሣ የሚቀመጠው በባዶ ገንዳ ነው፤ ለማጽዳት እንዲመች ድንጋይም አሸዋም የለውም፣ መደበቂያው አንድ የፕላስቲክ ቧንቧ ብቻ ነው። ሚጡ ሙሽራውን እዚያ አኑራ ሽሪምፕ ትልጥለታለች፣ ታደቅለታለች፣ የሰላጣ ቅጠል በፈላ ውኃ አለስልሳ በእጇ ታጎርሰዋለች።

ከማን ተማረችው እንዳትሉኝ። እኔ ቤት ፖም ሳይላጥ፣ ዳቦ ዳሩ ሳይነሣ፣ ሥጋ እንደ ክር ሳይተለተል ለልጅ ተሰጥቶ አያውቅም።

ሙሽራውም ዳነ። ክንፉ በቀለ፣ ቀለሙ ተመለሰ፣ ሚጡን ሲያይ መስታወቱን እየታከከ ይከተላታል። ወደ ትልቁ ገንዳ እንዳይዛወር ግን ትልቁ ገንዳ ውኃ ያፈስ ነበርና ጥገናው ተጓተተ፤ ሙሽራው በባዶው ቤት ከረመ። ከዚያ መብላት አቆመ።

አልጠላም እኮ። ይመጣል፣ አፉን ያስጠጋል፣ ምግቡን ይነካል፣ ከዚያ ይወድቅበታል። ሐኪሙ የትል መድኃኒት ሰጠው፤ የእንስሳት ሐኪም ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያክመው ፈረስና ውሻ ነው። ውኃው ተመረመረ፣ ሙቀቱ ተስተካከለ። ለውጥ የለም። የሙሽራው ሆድ ገባ፣ ጀርባው እንደ ቢላዋ ሰላ። ካፒቴን ለሚጡ ረጋ ብላ ነገረቻት፤ ይህ ሳምንት ሳያልቅ ካልበላ፣ እንስሳ በረሃብ ሲያልቅ ቆሞ ማየት ነውር ስለሆነ፣ መድኃኒት ተሰጥቶት በእንቅልፉ ይሄዳል።

ሚጡ ያን ማታ እራቷን ገፋችው። አንድ የማይበላ ነበረን፣ ሁለት ሆኑ።

እኔ ድንቼን አድቅቄ እየበላሁ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርሴ እንደ ልማዱ በብርጭቆ ውስጥ ነው፤ ይቆረቁረኛል፣ ለእንግዳ ካልሆነ አላደርገውም። ቀና ስል ሚጡ አፌን አፍጥጣ ታያለች።

«እምዬ፣ ጥርስሽን አድርጊው እስቲ።»

አደረግኩት። ንከሺ አለች፣ ነከስኩ። አውልቂው አለች፣ አወለቅኩት። አሁን ንከሺ አለች። ልጄ በሐዘን አእምሮዋን ስታለች ብዬ ግንባሯን ዳሰስኩ። እሷ ግን ካርቶኑን አውርዳ የበቀቀን ዓሣውን አጥንት ይዛ ታስከፍተዋለች፣ ትዘጋዋለች፣ ታስከፍተዋለች፣ ትዘጋዋለች።

«ይሄኛው ይገጥማል» አለች።

ከዚያ ስልኳን አወጣች። ሙሽራው የመጣ ዕለት የተነሣው ፎቶ አለ፤ የትናንቱም አለ። ጎን ለጎን ስታደርጋቸው እኔም በደከመ ዓይኔ አየሁት። የመጣ ዕለት ምንቃሩ አጭርና የተካከለ ነበር። አሁን የላዩ አድጎ በታቹ ላይ ተጣምሟል፣ የታቹም ወጥቶ ተሻግሯል፤ ልክ እንዳልተቆረጠ ጥፍር። አፉ የሚዘጋ አይደለም። የማይዘጋ አፍ እንዴት ይንከስ?

ነገሩን እየተንተባተበች አስረዳችኝ። ይህ ምንቃር ዕድሜ ልኩን ያድጋል። በባሕር ውስጥ ድንጋዩ በየቀኑ ይሞርደዋል፣ ስለዚህ አይታወቅም። ባዶ ገንዳ ውስጥ ድንጋይ የለም፤ የደቀቀ ሽሪምፕ ደግሞ ምንም አይሞርድም።

«እኔ ነኝ፣ እምዬ። ላበላው ብዬ አፉን አበላሸሁበት።»

ለቅሶ ልትጀምር ነው ብዬ መሐረብ ፈለግኩ። ልጅቱ ግን ዓይኗ እያበራ ነበር። በሽታ ቢሆን መድኃኒቱ አይታወቅም፤ ምንቃር ከሆነ ይሞረዳል። ስልክ ደወለች። ሐኪሙ ነገሩን ተቀበለ፣ ግን ያለው የጥርስ መሞረጃ የፈረስ ነው፤ ርዝመቱ ክንድ ያህላል። ሙሽራው ራሱ ያን አያህልም። ሚጡ ስልኩን ዘግታ ጠረጴዛውን በጣቷ ስትደበድብ፣ አፌ ከእኔ ሳያማክር ተናገረ።

«ጥርሴን የሠራልኝ ጥርስ ሠሪ ትንሽ የምትሽከረከር ሞረድ አለችው።»

ወዲያው ተጸጸትኩ። ዓሣው በእጇ ላይ ቢሞትስ? ሞረዱ ጣቷን ቢቆርጥስ? ግን ሚጡ ጉንጬን ስማኝ ኮቷን እየፈለገች ነበር።

በነጋታው ጠዋት ወደ ጥርስ ሠሪው ሄድን። ሱቁ ከደረጃ ሥር ነው፤ መደርደሪያው ላይ የኖራ መንጋጭላ ተደርድሮ ለገባው ሁሉ ይስቃል። ጥርስ ሠሪው ቀጭን ሽማግሌ ነው፣ ቀልዱ አያልቅበትም። ገና ሳየው አፌን በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንኩ፤ እሱ ግን ዓይኑ እዚያ ነው።

«እማማ፣ የሠራሁልዎ ጥርስ የት ሄደ?»

ቤት ነው አልኩት። ቤት የሚጠብቅ ጥርስ መሥራቴን አላውቅም ነበር አለ። ካልተጠቀሙበት ድዱ እየሟሸሸ ጥርሱ ጨርሶ እንደማይገጥም ደግሞ ደጋግሞ ነግሮኛል፤ አሁንም ነገረኝ። ከዚያ ሚጡ የመጣችበትን ስታስረዳው ቀልዱ ቆመ። አጥንቱን ከእጇ ተቀብሎ ወደ መብራቱ አስጠጋው፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ አገላበጠው።

«ይህን የመሰለ ጥርስ የሠራው ማን ነው?» አለ ቀስ ብሎ። መሣሪያውን በፎጣ ጠቅልሎ ተነሣ። በመንገድ ላይ፣ ጥርሱን የነቀለበት ሙያ በስተርጅና ዓሣ ዘንድ እንደሚያደርሰው ማን አስቦ ነበር እያለ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ያወራል። እኔ በበኩሌ እርጥብ ወለልና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ሲሆኑ እያሰብኩ፣ ሞረዷ በባትሪ መሥራቷን ሦስቴ ጠይቄ አረጋገጥኩ።

ካፒቴን ከሁላችን ፊት ቆመች። መንጋጭላው ቢሰበር ዓሣው ወዲያው እንደሚሞት፣ ቢሞት ደግሞ ተጠያቂዋ ራሷ እንደሆነች ተናገረች። ልትከለክል ነው ስል፣ እጅጌዋን ሰብስባ ባልዲ አነሣች።

ማደንዘዣው የቅርንፉድ ዘይት ነበር። ሽታው ሲመጣ ጥርሴን ባመመኝ ዘመን በጥጥ የያዝኩት ቅርንፉድ ትዝ አለኝና፣ ይህስ ያገሬ መድኃኒት ነው ብዬ ጥቂት ተጽናናሁ። ሙሽራው ባልዲው ውስጥ ቀስ ብሎ ዘመመ፣ ከዚያ በጎኑ ተኛ። ሚጡ በእርጥብ ስፖንጅ ላይ አስተኛችው፣ ዓይኑን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈነችው። ሐኪሙ ስንጥቡን ይከታተላል፤ ዓሣ የሚተነፍስበት በጉንጩ በኩል ያለው ክፍት ነው። በዚያ ላይ ውኃ ሳያቋርጥ መፍሰስ አለበት። ካፒቴን ስፖንጁን ይዛለች፣ ጥርስ ሠሪው ሞረዱን ይዟል። ባዶ እጁን የቆመ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«እማማ፣ ጆጉን ያዙ» አለኝ ሐኪሙ።

እኔ ሻይ ስቀዳ ሳህኑን የምሞላ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን አንዲት ጠብታ ከቦታዋ ውጭ አላፈሰስኩም፤ እጄን ምን እንደያዘው አላውቅም።

ሚጡ ምንቃሩ ላይ በመርፌ ጭረት አስምራበት ነበር። ከጭረቱ ወዲህ ያለው እንደ ጥፍር ስሜት የለውም፣ ከጭረቱ ወዲያ ግን ሕይወት አለበት አለች። ጥርስ ሠሪው ራሱን ነቀነቀ። ሞረዷ እንደ ንብ ጮኸች። ነጭ ዱቄት ብን አለ፣ ጥርስ ሲሞረድ የሚሸተው የተቃጠለ ነገር ሸተተ። እኔ አፈሳለሁ። «ትንሽ ወደ ግራ» ትላለች ሚጡ፤ ሽማግሌው ወደ ግራ ይላል። የላዩ ምንቃር እየተስተካከለ፣ እየተስተካከለ መጣ።

«ቁም» አለ ሐኪሙ። «ስንጥቡ ቆመ።»

ሚጡ ሙሽራውን ከነስፖንጁ አንሥታ ንጹሑ ገንዳ ውስጥ አስገባችው፣ አፉን ውኃ ወደሚገባበት ቧንቧ አዙራ ያዘችው። ውኃው በአፉ ይገባል፣ በጉንጩ ይወጣል፤ እሱ ግን እንደ ጨርቅ ነው። እኔ ከፈጣሪ ጋር ክርክር ገጠምኩ፤ ይህችን ልጅ አታሳዝንብኝ፣ ዓሣ እንደሆነ ባሕር ሙሉ አለህ አልኩት። ጥርስ ሠሪው የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ የሙሽራው ጉንጭ አንዴ ብድግ አለ። ቆየ። ደግሞ ብድግ አለ።

ሁላችንም በአንድ ጊዜ ተነፈስን። ካፒቴን «ይበቃል፣ እግዜር ምሮናል» አለች። ሐኪሙም ተስማማ። የታችኛው ምንቃር ግን ገና እንደተጣመመ ነው።

«ካፒቴን፣ ይህን ትተን ካቆምን አፉ አይገጥምም» አለች ሚጡ። ድምጿ ቀጭን ነበር፣ ግን አልተሰበረም። «ተመልሶም በረሃብ ነው የሚሞተው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አጭር።»

ሁሉም እርስ በርስ ተያየ። እኔስ? ሥጋዬ ሁሉ «ተይው ልጄ፣ ይቅርብሽ» ሊል ተነሣ። ዕድሜዬን በሙሉ ስለው የኖርኩት ቃል ነው፣ በራሱ ነው የሚመጣው። ምላሴን ልነክስ ብል ጥርስ የለኝም። ዝም ብዬ ሄድኩና ጆጉን ሞላሁ፤ ተመልሼ ቦታዬ ቆምኩ።

ካፒቴን እኔን አየች፣ ጆጉን አየች። «እሺ፣ እንግባበት» አለች።

ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ፈጠነ። ሞረዷ ጮኸች፣ ዝም አለች፣ አንዴ ደግሞ ጮኸች። ሚጡ በጣቷ ቀስ አድርጋ የሙሽራውን አፍ ዘጋችው። የላዩና የታቹ እንደ ሣጥንና ክዳን ገጠሙ። ጥርስ ሠሪው ከዚህ በፊት ለሠራልኝ ጥርስ ያላሳየውን ፈገግታ አሳየ። ሙሽራው ወዲያው ውኃ ውስጥ ተመለሰ፤ ጉንጩም አላቆመም፣ ክንፉንም አንቀሳቀሰ፣ ወደ ቧንቧው ገብቶ ተደበቀብን።

የማግስቱን ቀን አልረሳውም። ሚጡ ብቻዋን ልትሄድ ነበር፤ እምቢ ብዬ ተከተልኳት። ጥርስ ሠሪው ሱቁን ዘግቶ እዚያ ቀድሞናል፤ ለሥራዬ ዋስትና ስለምሰጥ መጥቼ ማየት አለብኝ አለ። ሐኪሙ ለስላሳ ምግብ ለጥቂት ቀን ይሻለዋል ባይ ነበር። ሚጡ ግን ፊቷን አዳራሹ ውስጥ ወዳለው ሌላ ገንዳ አዞረች። በዚያ ውስጥ አልጌ የበቀለበት የኮራል ድንጋይ አለ፤ ካፒቴን ያን ድንጋይ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም፣ የተሰለፈው ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚነሣው ከፊቱ ነው።

ሚጡ ስለ ድንጋዩ አንድም ነገር አልጠየቀቻትም። የጠየቀችው እኔን ነው። ጠረጴዛችን ላይ እንዳለን ሁሉ፣ በሰው ሁሉ ፊት፦

«እምዬ፣ ይህ አፍ ምን ይበላል?»

«ድንጋይ» አልኩ። «ድንጋይ ነዋ የሚበላው፣ ልጄ።»

ካፒቴን ሳቀች። ስትስቅ ገና ያን ጊዜ ማየቴ ነው። ድንጋዩን ራሷ አወጣችው።

በባዶው ገንዳ መሐል ሲቀመጥ ሙሽራው ደነገጠና ቧንቧው ውስጥ ገባ። ጠበቅን። አፍንጫውን አወጣ። ጠበቅን። አንዴ ዞረው፣ ራቀው፣ ደግሞ ዞረው፤ ልክ ልጅቷን የወደዳት ግን ወንድሞቿን የሚፈራ ጎረምሳ። ሚጡ እጄን ይዛ ስትጨምቀው አጥንቴ ይንቋቋል፣ ግን ማን ልብ ይለዋል። ከዚያ ዓሣው ራሱን ዘንበል አድርጎ ተወረወረ።

ቀርጭ።

በመስታወቱ ውስጥ አልፎ ተሰማን። ወለሉ ላይ፣ በጫማዬ ሥር የተሰማኝ መሰለኝ። አረንጓዴው ድንጋይ ላይ ሁለት ነጭ ጭረት ቀረ። ቀርጭ፣ ደገመው። ቀርጭ። ያ ሁሉ ልስላሴ ያላስገኘለትን በአንድ ንክሻ ያገኘ ይመስል፣ ድንጋዩን ከላይ ከታች፣ ከግራ ከቀኝ ይፍቀዋል። ሐኪሙ ጆሮውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ወፍጮው እየፈጨ ነው፣ እየፈጨ ነው ይላል። ጥርስ ሠሪው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«እማማ፣ ዓሣው እንኳ ተጠቀመበት።»

ጥርሴ ቦርሳዬ ውስጥ በመሐረብ ተጠቅልሎ ነበር፤ ለሰው ብዬ ይዤው ነው የመጣሁት። ጀርባዬን አዙሬ አደረግኩት። ምሳ ላይ ከሚጡ ጋር ባልዲ ገልብጠን ተቀመጥን። ጠዋት በጥድፊያ ፖሙን ሳልልጥ ነው የያዝኩት፤ ይቅርታ ልል ስል ሚጡ ከነልጣጩ ገምጣው ለእኔ ዘረጋችልኝ። ፈራሁ። ነከስኩ። ቆረቆረኝ፣ ግን ተገመጠልኝ። እያላመጥኩ ዓይኔን ከገንዳው ላይ አላነሣሁም፤ ሐኪሙ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው ብሎናልና። የገባው ካልወጣ በላ አይባልም።

ሙሽራው ከድንጋዩ ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ። ወደ ገንዳው ጥግ ሄደ፣ ክንፉን ዘረጋ፣ ቆመ። ከኋላው ነጭ ደመና ብን አለ፤ እንደ ዱቄት የላመ አሸዋ እያብለጨለጨ ባዶው ወለል ላይ ሰፈረ።

በእኔ ቤት በምግብ ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር ስሙ አይነሣም። ሚጡ ሕፃን ሳለች ሆዷ ደርቆ ሌሊቱን ይዣት ስዞር አድሬ፣ ሲነጋ ሲቀናት ያገኘሁትን ደስታ የማውቅ ግን እኔ ነኝ። ፖሙ በእጄ እንዳለ ተነሣሁና፣ ምንጣፍ ባለው አዳራሽ ያለው ጎብኚ ሁሉ እስኪሰማ ጮኽኩ፤

«አራ! ልጃችን አራ!»